የማስረዳት ሸክም

ደሴ ውስጥ ለአካል ጉዳተኞችና ለእድር ተወካዮች የሰጠነውን የሁለት ቀን ሥልጠና ዛሬ ጨረስን። የትናንትናውን ጠዋት በሙሉ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ላይ አሳለፍኩት። አንቀጹ ዘርን፣ ቀለምን፣ ጾታን፣ ቋንቋን፣ ሃይማኖትንና ሌሎችንም እየዘረዘረ ልዩነትን ሲከለክል አካል ጉዳትን በስም አይጠራምና፣ «በሌላ አቋም» በሚለው ሐረግ እንደሚሸፈን አብራራሁ። በክራንች የሚሄዱ አንዲት እናት ከፊት ተቀምጠው በትዕግሥት አዳመጡኝ፤ ነገሩ ግን ከኑሯቸው ጋር እንዳልተገናኘላቸው ገብቶኛል።

ከሰዓት በኋላ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገውን አዋጅ ቁጥር 568/2000 ከፈትን። በአካል ጉዳቱ ምክንያት በቅጥር፣ በዕድገት፣ በምደባ ወይም በዝውውር አድልዎ ተፈጽሞብኛል የሚል ሰው የማስረዳት ሸክም ሳይኖርበት ክስ ማቅረብ እንደሚችል፣ አድልዎ አለመኖሩን ማስረዳት ያለበትም ተከሳሹ መሆኑን ስናገር አዳራሹ ጸጥ አለ። አንድ ዓይነ ስውር ወጣት ቀስ ብዬ እንድደግምለት ጠይቆ በብሬል ጻፈው። «እንግዲያው ምስክር ፈልጌ የማመጣው እኔ አይደለሁም ማለት ነው?» አለኝ። ፈተናውን አልፎ ሳለ «ሥራው ለአንተ አይመችም» የተባለው ከኃላፊው ጋር ለብቻቸው በነበሩበት ክፍል ውስጥ ስለነበር፣ ማን ይመሰክርልኛል ብሎ ትቶት ኖሯል። ይህን አንቀጽ እስከ ዛሬ በየሥልጠናው መጨረሻ ላይ በጥድፊያ ሳልፈው መኖሬ ከልቤ አሳዘነኝ።

በእርግጥ አዋጁ የሥራው ጠባይ የማይፈቅድ ከሆነ በስተቀር የሚል ቀዳዳ አለው፤ አሠሪዎች የሚሸሸጉትም እዚያ ነው። ስለዚህ ዛሬ ጠዋቱን በጽሑፍ ልምምድ አዋልነው፦ የቅጥር ማስታወቂያውን ማስቀመጥ፣ ማን ምን እንዳለ ከነቀኑ መመዝገብ፣ ምክንያቱን በደብዳቤ እንዲሰጡ መጠየቅ። በጉሊትና በቀን ሥራ የሚተዳደሩት ግን ይህ አዋጅ ብዙም እንደማይደርስላቸው ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

ልንለያይ ስንል እኚያ እናት፣ «ክሱን የማመለክትበት ቢሮ መግቢያው ደረጃ መውጣት ብቻ ቢሆንስ፣ ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 አንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚያመች መግቢያ እንዲኖራቸው እንደሚያዝዝ ነገርኳቸው። ቁጥሩን በወረቀት አስጽፈውኝ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። የሚቀጥለውን ሥልጠና ከ568 እጀምራለሁ፤ የእርሳቸውን ጥያቄም ከመጀመሪያው ቀን መርሐ ግብር ላይ አስገብቼዋለሁ።