አየህ፣ ካርዱ ሲቀየር!

የቪአር ጌም የሚጫወቱት ዓይን ላይ በሚጠለቅ ስክሪን፣ በሄድሴት ነው። ደንበኛ «ብዥ ይላል» ሲል ነገሩ ብዙ ነው። ሌንሱ በጣት ተጨማልቆ ይሆናል። ሄድሴቱ ጭንቅላቱ ላይ ዘሞ ይሆናል። ጌሙ ራሱ የዕቃውን ጠርዝ ለማለስለስ ሲል ምስሉን አደብዝዞት ይሆናል። ፍሬም (በተከታታይ ከሚሳሉት ምስሎች አንዱ) እየዘለለም ይሆናል። ለደንበኛው ግን ሁሉም አንድ ነው፦ ብዥ። ለአለቃዬም ሁሉም አንድ ነው፦ ምስሉን የሚስለው የኮምፒውተሩ ግራፊክስ ካርድ።

የምሠራው ቪአር ጌም ማጫወቻ ቤት ነው። ሄድሴቶቹ ቫልቭ ኢንዴክስ ናቸው፤ የሚበላሸውን የማስተካክለው እኔ ነኝ። የመኪና ውድድሩ ላይ «የመንገዱ ምልክት አይነበብም» የሚል ስሞታ በዛ። አለቃዬ እኔን ሳይጠይቁ ባለሙያ አስመጡ። ሰውየው ቦርሳውን እንኳ ሳያስቀምጥ ሄድሴቱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር፣ ስቲምቪአርን፣ ከፈተ፤ የሪዞሉሽኑን (የምስሉን ጥራት) ስላይደር ጎትቶ 200 በመቶ ላይ አደረሰው፤ ሄድሴቱን ለአለቃዬ አጠለቀላቸው።

«አሁንስ?»

«ኧረ ጠርቷል!»

እውነትም ጠርቷል። መኪናዋ ቆማለቻ! ጉዱ ስትነሳ ነው።

የኢንዴክስ ስክሪን ለአንድ ዓይን 1440 በ1600 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ነው። ስላይደሩ 100 በመቶ ላይ ሲሆን ግን ኮምፒውተሩ የሚስለው 2016 በ2240 ነው፤ ስክሪኑ ካለው እጥፍ ለመሆን ትንሽ የቀረው። ይህ ብክነት አይደለም። ሌንሱ ምስሉን ስለሚያጎብጠው ሶፍትዌሩ አስቀድሞ በተቃራኒው ያጎብጥለታል፤ በዚህ መሃል የምስሉ እምብርት ስለሚለጠጥ ትርፍ ፒክስል ይፈልጋል። 200 ማለት እንግዲህ ያንኑ እንደገና እጥፍ ማድረግ ነው።

ጊዜው ደግሞ አይጨምርልህም። 90 ሄርዝ ላይ፣ ማለትም በሰከንድ 90 ፍሬም ሲታይ፣ ለአንድ ፍሬም ያለህ 11.1 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ጌሙ ከዚያ እያለፈ ካስቸገረ፣ ስቲምቪአር ወደ 45 ያወርደውና የጎደለውን ፍሬም ካለፉት ገምቶ ራሱ ይሞላዋል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ብዙም አይታወቅም። መሪውን ስታዞር ግን የመስኮቱ ጠርዝ ውሃ ላይ እንደወደቀ ጥላ ይርገበገባል። ያ ሁሉ ስሞታ የተነሳበት የመንገድ ምልክትም በአጠገብህ ሲያልፍ ሁለት ሆኖ ያልፋል።

እያንዳንዱ ፍሬም የሚፈጀውን ጊዜ የሚያሳየውን ግራፍ ለባለሙያው ከፈትኩለት። መስመሩ ከ14 ሚሊሰከንድ በታች አይወርድም።

«ወንድሜ፣ ይሄ እኮ 45 ላይ ነው» አልኩት።

ዞሮም አላየኝ። «90 ነው የሚለው።»

«90 ሄድሴቱ ነው። ጌሙ 45 ነው። ግማሹ ግምት ነው።»

«ዓይን አይለየውም።»

«ሆድ ይለየዋል፤ ያጥወለውላል።»

አለቃዬ ሳቁ። የሳቁት ለእኔ መስሎኝ ነበር። ባለሙያው ግን ወዲያው «እንግዲያው ካርዱ ይቀየራ!» አለ። ለካ ይህችን ሲጠብቅ ኖሯል።

ካርዶቹ ተገዙ። ደረሱም። የኛ ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ዕቃ) እንደማይችላቸው የታወቀው ከደረሱ በኋላ ነው። ሌላ እስኪመጣ ድረስ ካርቶናቸው ሳይከፈት ስቶር ገቡ። ይህን ሳያጣራ የሚያስገዛ ምን ዓይነት ባለሙያ እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

እኔ በጠዋት ገባሁ። ስላይደሩን 100 ላይ መለስኩ። ጥላውን ቀነስኩ፤ የኋላ ማሳያ መስታወቶቹንም ጥራት ዝቅ አደረግኩ። የመኪና ጌም ላይ ጊዜ የሚበሉት እነዚህ ሲሆኑ ተጫዋቹ ደግሞ እምብዛም አያያቸውም። መስመሩ ወደ 9 ወረደ። ከዚያ ወደ ሄድሴቶቹ ዞርኩ። ሌንሶቹን በደረቅ የመነጽር ጨርቅ ጠረግኩ። ጎኑ ላይ ሌንሱን ከዓይን የምታርቅ ማዞሪያ አለች። መነጽር ያደረገ ሰው ያርቃታል፤ መላሽ የላትም። ከታች ደግሞ የሌንሶቹን ርቀት ከዓይኖችህ ርቀት ጋር የምታስማማ መግፊያ አለች፤ ከ58 እስከ 70 ሚሊሜትር ትሄዳለች። አንድ ሕፃን 58 ላይ ትቷት ከሄደ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ትልቅ ሰው ሁሉ በሕፃኑ ዓይን ሲያይ ይውላል።

አለቃዬ መጡ። አስቀመጥኳቸው። የኋላውን መደገፊያ ወደ ማጅራታቸው ዝቅ አደረግኩ፤ መግፊያዋን «ቆይ፣ እዚህ ጋ!» እስኪሉ ድረስ ገፋሁላቸው። አንድ ዙር ነዱ። ሄድሴቱን ሲያወልቁ ፊታቸው በርቷል።

«አየህ፣ ካርዱ ሲቀየር!»

ካርዱ ስቶር ነው። ተረክበው የፈረሙት ደግሞ እርሳቸው ናቸው።

አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። ያን ያህል ደስ ብሎት የሚያይህን ሰው «ተሳስተዋል» ማለት ቀላል አይደለም፤ ደመወዝህን የሚፈርም ሰው ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የቻልኩት ይህቺን ነው፦

«ሴቲንጉንም ትንሽ ነካክቻለሁ።»

«እሱማ ካርድ ካለ ሴቲንግ ምን ያቅታል!» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ ሄዱ።

ማታ ቤቴ ስገባ ስንት ዓይነት መልስ መጣልኝ መሰላችሁ! አንዱም በሰዓቱ አልደረሰም። ባለሙያው ሙሉ ሂሳቡን መቀበሉን ስሰማማ ሌላም መልስ መጣልኝ፤ እሱ እንኳ እዚህ አይጻፍም።

አሁን አዲስ የሚቀጠሩ ልጆችን «መጀመሪያ ግራፉን ክፈቱ፣ ሌንሱን ጥረጉ፣ የካርድ ወሬ መጨረሻ ላይ» እላቸዋለሁ። አለቃዬን ለማስደሰት ከሆነ ግን ፊታቸው ኮምፒውተሩን ከፍቶ መዝጋት ይበቃል። ይህን ለልጆቹ አልነግራቸውም።

ፓወር ሰፕላዩ በመጨረሻ መጣና ካርዶቹን ገጠምኩ። ሐቁን ለመናገር፣ በጣም ጠቀሙ። ስላይደሩ 150 ላይ ሆኖ 90ውን ሳይነቃነቅ ይይዛል፤ ምልክቱ ከሩቅ ይነበባል። እያመመኝ ነው የምጽፈው። ደስ ብሎኝ አለቃዬን ጠራሁ። ተቻኩለዋል፤ መግፊያዋን ላስተካክል ብል «ተወው» አሉኝ። ግማሽ ዙር ነድተው አወለቁት።

«ያው ነው። ከበፊቱ ምን ተለየ?»

«ዛሬ ካርዱን ገጠምኩት።»

«የቱን ካርድ?»