ቡሀይስ፦ ሙታናቸውን ይዘው የሚመለሱ እረኞች

ሻርጃና ዱባይ ያላችሁ ልጆች ዕረፍታችሁን ሞል ለሞል ስትዞሩ ከምትጨርሱት ጀበል ቡሀይስን፣ ሻርጃ በረሃ ላይ ያለውን የጥንት እረኞች መቃብር ያለበትን ተራራ፣ ሂዱና እዩት፣ እኔ ታህሳስ ላይ ከጓደኛዬ ጋር ሄጄ እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። ከከተማው አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ መንገዱ አሸዋና ግመል። ያናደደኝ ባለ ታክሲው ነው፣ 150 ድርሃም ተስማምተን ገብተን ስንደርስ 200 ካልሆነ አለ። ጓደኛዬ ልትጨቃጨቀው ስትል እኔ ነኝ ተይው ያልኳት፣ ቀናችንን በ50 ድርሃም እንዳያበላሽብን።

ሙዚየሙ ያምራል ግን ብዙው ስለ ድንጋይና ድሮ ስለነበረው ባህር ነው። እኔን ያቆመኝ መቃብሩ ነው። አንድ ሱዳናዊ ሰራተኛ "ሀበሻ?" ብሎ ሰላም አለንና ሳንጠይቀው ውጪ ድረስ አብሮን ወጣ፣ እግዜር ይስጠው። አሁን ደረቅ ጠጠር ነው፣ ያኔ ግን ተራራው ስር ምንጭ ነበረ። የዛሬ 6500 ዓመት ገደማ በግ ፍየልና ከብት ያላቸው ሰዎች ሳሩ ሲበቅል ከነመንጋቸው እየመጡ ይሰፍሩበት ነበር። የጀርመኑ ቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከሻርጃ ባለሙያዎች ጋር በፈረንጆቹ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምረው ለዓመታት ሲቆፍሩ አመድ፣ የከብት አጥንትና ከ500 በላይ ሰው አገኙ፣ የሰፈሩበትም የተቀበሩበትም እዚያው ነው። እንዴት እንደተቀበሩ ሲያሳየን ሱዳናዊው ጠጠሩ ላይ በጎኑ ጋደም ብሎ ጉልበቱን ወደ ደረቱ አጠፈ፣ ዩኒፎርሙ አቧራ በአቧራ ሆነ፣ ግድም አልሰጠው። የዛጎል ዶቃቸውን እንዳደረጉ ነው የተቀበሩት፣ ዕንቁም ተገኝቷል፣ ባህሩ ደግሞ ከዚያ ብዙ ርቀት ነው፣ የብርዱን ወራት ባህሩ ዳርቻ ሲያሳልፉ ያመጡት ነው ይላሉ።

ብዙዎቹ ግን ሙሉ አስከሬን አይደሉም። የራስ ቅልና ረጃጅም አጥንት ተሰብስቦ አንድ ላይ የተቀመጠ ነው። ሰው መንገድ ላይ ሲሞትባቸው እዚያው ይቀብሩትና በኋላ አጥንቱን ለቅመው፣ ከመንጋው ጋር ተሸክመው እዚህ ምንጭ ጋ አምጥተው እንደገና ይቀብሩታል። ይሄን ስሰማ እንባዬ መጣ። አምና አንዲት ልጅ አርፋብን በቴሌግራም 20ም 50ም ድርሃም እየለመንን አስከሬኗን አገር ቤት ስንልክ አንዳንዱ "እዚሁ ብትቀበር ምን አለበት፣ ለሞተ ሰው ይሄ ሁሉ ወጪ" ሲል ነበር። መልሱን ያኔ አላገኘሁትም፣ ቡሀይስ ላይ ነው ያገኘሁት። አህያ እንኳን ያልነበራቸው ሰዎች የዘመዳቸውን አጥንት ተሸክመው በረሃ ካቋረጡ እኛ በአውሮፕላን ዘመን እንዴት ይከብደናል።

ስንመለስ ሱዳናዊው የሚያውቀውን ሹፌር ደውሎ ጠራልን፣ 120 ብቻ ከፈልን። አካባቢው ፋያ በሚል በ2025 በዩኔስኮ ተመዝግቧል፣ ቅርቡ ያለው የምሊሃ ሙዚየም ግን አልደረስንበትም፣ ለጥር ይዘነዋል። ሰመር ላይ እንዳትሞክሩት፣ ውሃ ያዙ፣ የመመለሻ መኪናችሁንም ከመሄዳችሁ በፊት ጨርሱ።