ዲኤንኤን በካርቶን ስሠራ የገባኝ ነገር

የዘር መረጃችንን የሚይዘው ሞለኪውል፣ ዲኤንኤ፣ የተጠማዘዘ መሰላል እንደሚመስል ለዓመታት ሳወራ ኖሬያለሁ። የመሰላሉ ደረጃዎች ቤዝ ከሚባሉ አራት ዓይነት ክፍሎች የተሠሩ ናቸው፦ አዴኒን፣ ታይሚን፣ ጉዋኒንና ሳይቶሲን፤ እያንዳንዱ ደረጃ የሁለት ቤዞች ጥንድ ነው። አንድ ቀን ልጄ "አዴኒን ለምን ከታይሚን ጋር ብቻ ይጣመራል?" ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ። ካርቶን፣ መቀስ፣ ሽቦና ሙጫ ይዤ ቁጭ አልኩ።

መጀመሪያ ልኩን ወሰንኩ። የዲኤንኤ ስፋት 2 ናኖሜትር ገደማ ነው። ከደረጃ እስከ ደረጃ 0.34 ናኖሜትር ነው፤ በአንድ ሙሉ ዙር 10 ያህል ደረጃዎች አሉ። ሁሉንም መቶ ሚሊዮን ጊዜ አሳደግኩት። ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር፣ የደረጃዎቹ ርቀት 3.4 ሴንቲ ሜትር ሆነ። በአንድ ሴላችን ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ቢዘረጋ 2 ሜትር ያህል ነው። በዚህ ልክ ልሥራው ብል 200,000 ኪሎ ሜትር ይፈጃል፤ ወደ ጨረቃ የሚወስደው መንገድ ግማሽ ማለት ነው። 20 ደረጃ በቃኝ።

ከዚያ ተሳሳትኩ። አዴኒንና ጉዋኒን ባለ ሁለት ቀለበት ስለሆኑ ትልልቅ ናቸው። ታይሚንና ሳይቶሲን ባለ አንድ ቀለበት ናቸው፣ ያንሳሉ። እኔ ግን አምሳያውን ከአምሳያው አጣመርኩ። መሰላሉ አንዱ ጋ አበጠ፣ ሌላው ጋ ሰረጎደ። ሽቦው ተንጋደደ።

ለካ ከክሪክ ጋር የዲኤንኤን ቅርጽ ያገኘው ሳይንቲስት ዋትሰንም በየካቲት 1953 (እ.ኤ.አ.) ካምብሪጅ ውስጥ ይህንኑ ሞክሯል! አብሮት ቢሮ የሚጋራው ኬሚስት ጄሪ ዶናሁ፣ ዋትሰን ከመጽሐፍ የገለበጠው የቤዞቹ ቅርጽ ትክክል እንዳልሆነ ነገረው። ዋትሰን የካርቶን ቁርጥራጮቹን ጠረጴዛ ላይ ሲያገላብጥ አዴኒንና ታይሚን አንድ ላይ፣ ጉዋኒንና ሳይቶሲን አንድ ላይ ገጠሙ። እኔም ሁለቱን ጥንዶች አንዱን በሌላው ላይ ደርቤ ብርሃን ላይ ያዝኳቸው። ጫፍ ለጫፍ ልክክ አሉ። ኬሚስቱ ቻርጋፍ ቀደም ብሎ የአዴኒን መጠን ከታይሚን፣ የጉዋኒን ከሳይቶሲን ጋር እኩል ሆኖ ያገኘው በዚህ ምክንያት ነበር።

ለመሞከር ለምታስቡ፦ ደረጃዎቹን መጀመሪያ ለየብቻ ጨርሱ። ከዚያ እያንዳንዱን 36 ዲግሪ እያዞራችሁ ስከሉ። አዟዟሩ እንደ ተራ ብሎን ጥርስ ወደ ቀኝ ይሁን። እኔ ወደ ግራ ጠምዝዤ አንድ ምሽት ሙሉ አፍርሻለሁ።

የመሰላሉ ጎኖች አካል የሆነውን ፎስፌት ውጭ በኩል ስለጥፍ፣ ዲኤንኤን በኤክስሬይ ታጠና የነበረችውን ሮዛሊንድ ፍራንክሊንን አሰብኩ። ዋትሰንና ክሪክ በ1951 ፎስፌቱን መሃል ላይ አድርገው የሠሩትን ሞዴል ገና እንዳየች ውድቅ ያደረገችው እሷ ናት። በግንቦት 1952 ከተማሪዋ ከሬይመንድ ጎስሊንግ ጋር ያነሳችው 51ኛው የኤክስሬይ ፎቶ ጥምዝነቱን አጉልቶ ያሳያል። የሥራ ባልደረባዋ ዊልኪንስ እሷ ሳታውቅ ፎቶውን ለዋትሰን አሳየው። በ1958 በ37 ዓመቷ አረፈች። በ1962 ኖቤሉን የወሰዱት ሦስቱ ወንዶች ናቸው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። በሞዴሌ መቆሚያ ላይ ስሟን ጽፌዋለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። የዲኤንኤ ሁለት ጎኖች እያንዳንዳቸው አቅጣጫ አላቸው። ጎኖቹ በሆኑት ሁለት ሽቦዎች ላይ ይህን አቅጣጫ የሚያሳዩ ቀስቶችን ለጥፌ ነበር፤ ሁለቱም ወደ ላይ። ሞዴሉን ስገለብጠው ሁለቱም ወደ ታች ሆኑ። ክሪክ ግን ከፍራንክሊን የልኬት መረጃ ላይ፣ ተገልብጦም ያው መምሰል እንዳለበት ተረድቶ ነበር። የአንዱን ሽቦ ቀስቶች ነቅዬ አዞርኳቸው። እንደገና ገለበጥኩት። አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች። ልጄ የትኛው ጫፍ የላይኛው እንደነበረ መለየት አቃታት።