እግዚአብሔር በሁለት አውሮፕላን መካከል ያደረገልኝ

ይህን ምስክርነት ከዚህ በፊት በጸሎት ኅብረታችን ተናግሬዋለሁ። ያን ጊዜ ሰዓቱ አጭር ስለነበር የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ተናግሬ ተቀመጥኩ፤ ሰውም እልል ብሎ ተለያየን። ሁለተኛው ግማሽ እልልታ የሚያስነሣ ዓይነት አይደለም። ለእኔ ግን ከመጀመሪያው ይበልጥብኛልና ዛሬ ሁለቱንም ልጻፋቸው።

ሥራዬ የበረራ አስተናጋጅነት ነው፤ ሰው በለመደው አጠራር ሆስተስ ነኝ። የምሠራበትን አየር መንገድም ሆነ ነገሩ የሆነበትን አገር አልጠቅስም። ተመርምሮ ያለቀ ጉዳይ ነው፤ ማንንም ልከስ አልተነሣሁም።

ሌሊት ነበር። እራት አንሥተን ሻይና ቡና ይዘን ወጥተናል። የካቢኑ መብራት ደብዝዟል፣ የቀበቶው ምልክት ጠፍቷል፣ ከተሳፋሪው ግማሹ ተኝቷል። ሕፃን ያቀፈች እናት ለጡጦ ሙቅ ውኃ ጠይቃኝ ጎንበስ ብዬ ስቀዳላት ወለሉ ከእግሬ ሥር ሸሸ። ነውጥ እናውቃለን፤ ነውጥ ያንገጫግጫል፣ ግራ ቀኝ ይመታል። ይሄ ግን ምንም መንገጫገጭ የሌለበት፣ ወጥ የሆነ ወደ ታች መሄድ ነበር። «ምን ጉድ ነው?» ብዬ ሳልጨርስ ደግሞ ባሰበት። ሆዴ ጉሮሮዬ ላይ ወጣ። ሻይና ቡናውን የጫንበት ጋሪ፣ ትሮሊው፣ ወደ ፊት መንሸራተት ሲጀምር እግሬ በልማድ ቀዩን ፔዳል ፈልጎ ረገጠውና ፍሬኑ ያዘ። ኩባያዎቹ ግን አልቆሙም፤ ከላይኛው መደርደሪያ ተያይዘው ወርደው መተላለፊያው ላይ ተበተኑ። ከወዲያኛው ጫፍ የነበረችው ባልደረባዬ እጀታውን እንደጨበጠች በጉልበቷ ወድቃ እጇ ወለም አላት። የቀዳሁት ውኃ ክንዴ ላይ ፈሰሰ። ሕፃኑ ላይ አለመፍሰሱን አስቀድሜ ላመስግን።

ረጅም ጸሎት የጸለይኩ እንዳይመስላችሁ። «ጌታ ሆይ፣ ያዘን!» ብቻ ነው ያልኩት፤ እሱንም በድምፅ ይሁን በልቤ እርግጠኛ አይደለሁም።

ወዲያው አውሮፕላኑ ተስተካከለ፤ ሞተሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቀስ እያለ መልሶ መውጣት ጀመረ። በመስኮት በኩል የተቀመጡ አንድ አዛውንት እጅጌዬን ያዝ አድርገው፣ «ልጄ፣ ሌላ አውሮፕላን በላያችን አለፈ እኮ! መብራቱ ክንፋችን ላይ ብልጭ ሲል አየሁት» አሉኝ። «አይዞዎት አባቴ፣ ደመና ይሆናል» አልኳቸው። ተሳፋሪ ማረጋጋት ሥራችን ነው። እሳቸው ግን ያዩትን ነበር የነገሩኝ።

ኮክፒት ውስጥ የሆነውን ያወቅሁት ካረፍን በኋላ ነው። የሌላው አውሮፕላን መንገድ የእኛን ከፍታ አቋርጦ እንዲያልፍ ተደርጎ ነበር። በዚያ ከፍታ በሁለት አውሮፕላኖች መካከል ወደ ላይ ቢያንስ 1,000 ጫማ፣ ማለትም 300 ሜትር ያህል ልዩነት ይኖራል፤ እሱ ካልተጠበቀ በራዳር በሚታይ አካባቢ በጎን አብዛኛውን ጊዜ 5 ኖቲካል ማይል፣ ወደ 9 ኪሎ ሜትር መራራቅ አለባቸው። ያን ሌሊት አንዱም አልተጠበቀም። ፊት ለፊት የሚመጡ ሁለት ጄቶች እያንዳንዳቸው በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ቢበርሩ በየሰከንዱ ግማሽ ኪሎ ሜትር ይቀራረባሉ። «አባታችን ሆይ»ን ሳትቸኩሉ ጸልዩ። እስክትጨርሱ ድረስ በመካከላቸው አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ተበልቷል።

ያተረፈን ቲካስ የሚባለው፣ አውሮፕላኖች አየር ላይ እንዳይጋጩ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ነው። በዙሪያው ያሉትን አውሮፕላኖች ትራንስፖንደር (በሬዲዮ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጥ መሣሪያ) ያለማቋረጥ ይጠይቃል፤ ከመልሱ ርቀታቸውን፣ ከፍታቸውንና የሚቀርቡበትን ፍጥነት ያሰላል። ጥርጣሬ ሲገባው ስክሪኑ ላይ ብርቱካናማ ክብ ያሳይና «ትራፊክ፣ ትራፊክ» ይላል። አደጋው እውነት ከሆነ ክቡ ወደ ቀይ አራት ማዕዘን ይለወጣል፤ መሣሪያውም ትእዛዝ ይሰጣል። የሚገርመው ሁለቱ መሣሪያዎች እርስ በርስ ይነጋገራሉ፤ አንዱን ውጣ ካሉት ሌላውን ውረድ ይሉታል። ትእዛዙ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ሊገናኙ ከ15 እስከ 35 ሰከንድ ሲቀራቸው ነው። የኛው «ውረድ፣ ውረድ» አለ። በዚያችው ቅጽበት ደግሞ አደጋውን ያየው የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ በሬዲዮ «ውጣ!» ብሎ ጮኸ።

አንዱ ጆሮ ውረድ ይሰማል፣ አንዱ ጆሮ ውጣ። ካፒቴናችን ወረዱ። የሌላው አውሮፕላን አብራሪ ለትእዛዙ ትንሽ ስለዘገየ መሣሪያው የእኛን «አጠንክረህ ውረድ» አለው፤ ያ ነው ወለሉን የወሰደብኝ።

ይህን ስሰማ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ከዚያም ዘመርኩ። በኅብረታችን የተናገርኩትም እስከዚህ ያለውን ነው። አንዲት እናት በኋላ አግኝተውኝ፣ «በዚያች ሌሊት መንፈስ ቀስቅሶኝ ስጸልይልሽ ነበር» አሉኝ። ሰዓቱን አላመሳከርኩም። ባይገጥምም የጸለዩልኝ ጸሎት ጸሎት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልምጣ።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ፍርሃት ያዘኝ። መሬት ላይ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እስቃለሁ። አየር ላይ ወጥተን አብራሪው ከፍታ ሲቀይር ግን፣ ተሳፋሪ ከቶ የማያስተውላት ያቺ ትንሽ የሞተር ድምፅ ለውጥ ስትመጣ፣ ላብ ጀርባዬን ያጥበዋል። ትሮሊውን ስይዝ ጣቶቼ ይነጣሉ። ጋሊ ውስጥ፣ ምግብ በምናዘጋጅባት ጠባብ ክፍል፣ መጋረጃ ስቤ ያለቀስኩባቸው በረራዎች አሉ። ጾምኩ፣ ጸለይኩ፣ የፍርሃት መንፈስ ነው ተብሎ እጅ ተጫነብኝ። የጸለዩልኝን ሁሉ እግዚአብሔር ይባርካቸው፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም። «ከሞት አውጥተኸኝ ለምን ፍርሃት ውስጥ ትተወኛለህ?» ብዬ በድፍረት ጠይቄዋለሁ።

መልሱ የመጣው ከማልጠብቀው በኩል ነው። ከነዚያው ካፒቴን ጋር ዳግመኛ ተመደብኩ፤ ጡረታቸው የቀረበ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። በረራው ሲያልቅ ድፍረት አገኘሁና ጠየቅኋቸው። «ካፒቴን፣ ያን ሌሊት ሰውየው ውጣ እያለ እርስዎ እንዴት ወረዱ?»

ሰሌዳ ላይ ከነበረ ወረቀት ጀርባ ሁለት ቀስት ሳሉልኝ፤ ሁለቱም ወደ ታች። «ይሄ እኛ አይደለንም» አሉ። «ይሄ 2002 ነው። እነዚህ ሰዎች ናቸው ያወረዱኝ።»

ሐምሌ 1 ቀን 2002 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ቀጥሎ የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታትም እንዲሁ ናቸው)፣ በደቡብ ጀርመን ኡበርሊንገን ከተማ አጠገብ የሆነውን ያን ቀን ከእሳቸው ሰማሁ፤ ከዚያ ራሴ ፈልጌ አነበብኩ። አንዱ ከሩሲያ የመጣ ቱፖሌቭ 154 ነው፤ ሌላው ጭነት የያዘ ቦይንግ 757። ሰማዩን ከዙሪክ የሚጠብቀው ተቆጣጣሪ ያን ሌሊት ብቻውን ነበር፤ ሁለት የሥራ ቦታ ይዞ፣ ዋናው የስልክ መስመር ለጥገና ተዘግቶ። አደጋውን ዘግይቶ ሲያይ ቱፖሌቩን ውረድ አለው። የቱፖሌቩ ቲካስ ውጣ አለ፤ የቦይንጉ ቲካስ ደግሞ ውረድ። ቦይንጉ መሣሪያውን ሰማ፣ ቱፖሌቩ ሰውየውን ሰማ፤ ሁለቱም ወረዱ። 71 ሰው አለቀ፤ አንድም አልተረፈም። አብዛኞቹ ወደ ስፔን ለዕረፍት የሚሄዱ፣ ባሽኮርቶስታን ከሚባለው የሩሲያ ግዛት የመጡ ልጆች ነበሩ።

ሌላም ነገር አነበብኩ፤ እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነው። ልጆቹ በዚያ አውሮፕላን ሊሄዱ አልነበረም። የመጀመሪያው በረራቸው አምልጧቸው ነው በተለይ የተዘጋጀላቸው። እኛ መካከል «አውሮፕላን አመለጠኝ፤ ለካ እግዚአብሔር ሊያተርፈኝ ነው» የሚል ምስክርነት ስንት ጊዜ ሰምተናል? እኔም አሜን ብያለሁ። እነዚህ ልጆች ያመለጣቸው አውሮፕላን በሰላም ገብቷል። እናቶቻቸው አልጸለዩም የሚል ካለ እኔ አልሰማውም።

ከዚያ በፊትም ማስጠንቀቂያ ነበር። ጥር 31 ቀን 2001 በጃፓን ሰማይ ላይ፣ የአንድ አየር መንገድ ሁለት አውሮፕላኖች በድምሩ 677 ሰው ይዘው ሊጋጩ ነበር። ተቆጣጣሪው የበረራ ቁጥራቸውን አምታቶ አንዱን ውረድ አለ፤ መሣሪያው ውጣ ይለው ነበር። አብራሪው ሰውየውን ሰምቶ ወረደ፤ ሌላውም በመሣሪያው ትእዛዝ እየወረደ ነበር። በመጨረሻ በዓይን ተያይተው ለጥቂት ተላለፉ፤ ወደ 100 የሚጠጉ ሰዎች ተጎዱ፣ የሞተ ግን የለም። ኡበርሊንገን የመጣው ከዚያ ከዓመት ተኩል በኋላ ነው። ደንቡ በዓለም አቀፍ ደረጃ የጠበቀው ከዚያ ወዲህ ነው፦ መሣሪያውና ተቆጣጣሪው ከተለያዩ መሣሪያውን ስማ። አብራሪው ትእዛዝ እንደደረሰው ካሳወቀ፣ አደጋው እስኪያልፍ ተቆጣጣሪው ያንን አውሮፕላን አቅጣጫና ከፍታ ማዘዝ አይችልም። የመሣሪያውም ፕሮግራም ተሻሻለ፤ የሌላው አብራሪ ትእዛዙን ሲጥስ ካየ ሐሳቡን ቶሎ እንዲቀይር ተደረገ።

ካፒቴኑ ማሽኑን አላመለኩልኝም። ሌላው አውሮፕላን ትራንስፖንደሩ ካልሠራ ቲካስ ዕውር ነው አሉኝ፤ መስከረም 29 ቀን 2006 ብራዚል ውስጥ 154 ሰው ያለቀው እንዲያ ሆኖ ነው። መሣሪያው ገና በሁሉም ቦታ ባልተስፋፋበት በ1996 ደግሞ ሕንድ ውስጥ ከዴልሂ አጠገብ ሁለት አውሮፕላኖች ተጋጭተው 349 ሰው ሞቷል፤ ከዚያ የከፋ የአየር ላይ ግጭት የለም።

እንዲህ ያለውን ነገር ሰምቶ ሰው ይበልጥ መፍራት ነበረበት። እኔ ግን ለቀቀኝ። በአንድ ቀን አይደለም፤ ቀስ በቀስ ነው። ፍርሃቴ መልክ ያልነበረው ነገር ነበር፤ በየትኛውም ሰከንድ ከየትም ሊመጣ የሚችል። አሁን መልክ አገኘ፤ በመካከል የቆሙትንም አየሁ። አንድ ሌሊት ጋሊ ውስጥ ሻይ ስቀዳ ከፍታ ቀየርን፤ ኩባያው ሞልቶ ለሰውየው ከሰጠሁት በኋላ ነው «ቅድም ድምፁ ተለወጠ እኮ!» ያልኩት። እዚያው ቆሜ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

አንዳንድ ወንድሞች፣ «ታዲያ ያዳነሽ ማሽኑ ነው ወይስ ጌታ?» ይሉኛል። ጥያቄው ብልህ ይመስላል እንጂ ብዙም አይረባም። «ያዘን» ብዬ ለመንኩት፤ ያዘን። በምን እንደሚይዝ እኔ አልመረጥኩም። በመሣሪያው፣ በደንቡና ደንቡን ባከበሩ ሰው ያዘን። ደንቡ ግን በሰው ልጆች ሞት የተገዛ መሆኑን ሳውቅ እልልታዬ ዝቅ ብሏል፤ ዝቅ ይበል። ስለ ልጆቹ ለጠየቅሁት ጥያቄ መልስ አላገኘሁም። ለምን እኔ፣ ለምን እነርሱ አይደሉም የሚለውን የሚመልስልኝ ሰባኪ ቢመጣ ብዙም የማምነው አይመስለኝም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ካፒቴኑ ወረቀቱን ሲያጥፉት፣ «ለተቆጣጣሪውም ጸልዪ» አሉኝ። የኡበርሊንገኑን ተቆጣጣሪ በ2004 ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን በዚያ አደጋ ያጣ አባት ቤቱ ድረስ ሄዶ ገድሎታል። ብቻውን በተተወበት ሌሊት ለሆነው ነገር በሕይወቱ ከፈለ። የእኛ ተቆጣጣሪ «ከአደጋው ወጥተናል» የሚለውን የካፒቴኑን ቃል ሲሰማ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ያም ሆኖ ሌሎቹን አውሮፕላኖች አንድ በአንድ ጠርቶ ቦታ ቦታቸው አስይዟል። ስሙን አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ከበረራ በፊት ስጸልይ የማታ ተረኞቹን ተቆጣጣሪዎች እጠራለሁ፦ እንዳይደክማቸው፣ አጠገባቸው ሁለተኛ ሰው እንዳይታጣ፣ ስልካቸው እንዲሠራ። ሰሞኑን አንዲት አዲስ ሆስተስ ሰምታኝ «ስልክ?» ብላ ሳቀችብኝ። ታሪኩን ነገርኳት።