ለሞክሼው የሰበሰብኩት እዝን

ካናዳዊው ሙዚቀኛ ጋርዝ ሃድሰን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 በ87 ዓመቱ ሲያርፍ፣ ከአብሮ አደጎቼ ጋር በምንገናኝበት የቴሌግራም ቡድን ላይ ፎቶግራፉን ለጥፌ፣ ከሥሩ የሻማ ምልክት አድርጌ «ነፍስ ይማር» ብዬ ጻፍኩ። ከአዲስ አበባ የመጣልኝ የመጀመሪያው ምላሽ «ይሄ ጺማም ሽማግሌ ማን ነው? አለቃህ ነው?» የሚል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ነገሩን አከረረው፤ «አቤል ተስፋዬን አግኝተኸው ታውቃለህ ወይ ብለን ስንጠይቅህ ሰባት ዓመት ዝም ያልከን ሰውዬ፣ ዛሬ ለፈረንጅ አልቃሽ ሆንክ?» አለኝ። ዘ ዊክንድ የሚባለው ዘፋኝ አቤል እኔ ባለሁበት ቶሮንቶ ተወልዶ ስካርቦሮ ማደጉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ባለበት ከተማ ውስጥ እኔና እሱ ጠዋት ጠዋት ዳቦ ቤት የምንገናኝ የሚመስላቸው ሰዎች መቼም አያልቁም። ለፈረንጅ አልቃሽ የሆንኩበት ምክንያት ግን ከአንድ ውርደት ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ እስከ ዛሬ ደብቄው የኖርኩትን ልናገር።

ቀኑ ማክሰኞ፣ ሜይ 2 ቀን 2023 ነበር። ከቶሮንቶ አጠገብ ሚሲሳጋ በሚገኝ አንድ የዕቃ መጋዘን ውስጥ እሠራ ነበር፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ የሥራ ካርዴን አስነክቼ ስገባ ቤቱ እንደወትሮው አልነበረም። ሌላ ቀን የሚጮኸው ሬዲዮ ቀዝቀዝ ያለ የጊታር ዜማ ያሰማል፣ ሣጥን የምታሽገው ሴትዮ ዓይኗን በጓንቷ ጀርባ ትጠርጋለች፣ ተቆጣጣሪያችንም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጎርድ እኮ ማታ አረፈ» አለኝ። እኔ በካናዳ ምድር የማውቀው ጎርድ አንድ ብቻ ነበር። እሱም የፎርክሊፍት ነጂያችን ነው፤ ስድሳ ዓመት ያለፈው፣ ሳቂታ፣ ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና ሊደረግ ከሄደ ሁለት ሳምንት የሞላው ሰው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ክረምት እንዴት እንደሚለበስ ያስተማረኝ፣ ከሳንድዊቹም ግማሹን ቆርሶ የሰጠኝ እሱ ነው። ልቤ ስንጥቅ አለ።

እንግዲህ መርዶ የሰማ የአገሬ ሰው ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ኮፍያዬን አወለቅሁ፤ አንድ ባዶ የቡና ብርጭቆ አንስቼ ስሙን በእስክሪብቶ ጻፍኩበት፤ ከራሴ ኪስ 20 ዶላር ከተትኩና ከመደርደሪያ መደርደሪያ እየዞርኩ እዝን መሰብሰብ ጀመርኩ። ካናዳውያን ጨዋ ሕዝብ ናቸው፤ ያልገባቸውን ነገር መጠየቅ ሰውን ማሳፈር ስለሚመስላቸው አንዱ 5፣ አንዱ 10 እያለ ያለ አንዳች ጥያቄ አዋጡልኝ። ሣጥን የምታሽገው ሴትዮማ «እንዴት ያለ ልብ አለህ!» ብላ አቀፈችኝ። ይህ ጨዋነታቸው ነው ጉድ የሠራኝ፤ መርካቶ ቢሆን ኖሮ አንዱ «ለየትኛው ጎርድ ነው የምታለቅሰው አንተ?» ብሎ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ያስቆመኝ ነበር። ጭራሽ ለተቆጣጣሪው ቀብሩ መቼ እንደሆነ ጠይቄ የዕለቱን ፈቃድ አስመዘገብኩ።

ብርጭቆው 85 ዶላር በሞላበት፣ የረፋዱ የቡና ሰዓት በደረሰበት ቅጽበት የመጋዘኑ በር ተከፈተና ሟቹ በምርኩዝ እየተደገፈ ገባ። «በስመ አብ!» ብዬ አማተብኩ፤ ብርጭቆውን ግን አልጣልኩትም፤ የሰው ገንዘብ ነዋ። እሱም ስሙን ብርጭቆው ላይ አየ፣ እኔን አየ፣ ሣንቲሙን አየ። የሐኪም ወረቀት ሊያስገባ የመጣ ሰው የራሱን እዝን አገኘ ማለት ነው። ሌሎቹ ነገሩ ሲገባቸው የሳቁትን ሳቅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ፊቴ በርበሬ መሰለ፤ መሬት ብትከፈት ሳልጠራ እገባባት ነበር።

ያረፈው ለካ ዘፋኙ ጎርደን (ባጭሩ ጎርድ) ላይትፉት ነው፤ በ84 ዓመቱ ያረፈ፣ ከኦሪሊያ ከተማ የወጣ፣ ማሲ ሆል በተባለው የቶሮንቶ አዳራሽ ከ170 ጊዜ በላይ የዘፈነ፣ አዳራሹ በ2018 ለእድሳት ሲዘጋም በ2021 ሲከፈትም መድረኩን የያዘ ሰው። ሞክሼው፣ የፎርክሊፍት ነጂያችን፣ ነው አጠገቡ አስቀምጦ ይህን ሁሉ የነገረኝ፤ ከሁሉ በፊት ግን ሊያጽናናኝ ብሎ ያወራኝ ወሬ ይበልጣል። በ2010 ላይትፉት ከጥርስ ሐኪም ሲመለስ መኪናው ውስጥ ሬዲዮ ቢከፍት የራሱን ሞት እንደ ዜና ሰማ። አንድ ሰው በትዊተር ያስወራውን ሐሰት መገናኛ ብዙኃኑ ሳያጣሩ አስተጋብተውት ነበር። «ስለዚህ አትፈር፤ ትልቁን ጎርድ ጋዜጠኞች ገደሉት፣ ትንሹን ደግሞ አንተ» አለኝ። (እንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለው አባቴ የሚሆነውን ሰው አንተ እያልኩት ለመድኩ፤ መጀመሪያ ላይ ይከብደኝ ነበር።)

ላይትፉት ስለ አንዲት መርከብ ስላወጣው ዘፈንም የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ኤድመንድ ፊትዝጄራልድ የምትባል የብረት ማዕድን የጫነች መርከብ በኖቬምበር 10 ቀን 1975 ሱፒሪየር ሐይቅ ላይ በማዕበል ሰጠመች፤ የነበሩባት 29 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ላይትፉት በማግስቱ ዓመት በዘፈን አወጣው፤ ኋላም ጥፋቱን ወደ መርከቧ ሠራተኞች የሚያስጠጋ አንድ ስንኝ የሟቾቹን ቤተሰቦች እንዳይጎዳ ሲል መድረክ ላይ ሲዘፍነው ለወጠው። እኔን የገረመኝ ይኸኛው ነው፤ ሙሾ አውራጅ ቃሉን ሲያርም አይቼ አላውቅማ። እሱ ያረፈ ማግስት፣ እኔ ብርጭቆ ይዤ በምዞርበት በዚያው ዕለት፣ በዲትሮይት ያለው የመርከበኞች ቤተ ክርስቲያን ደወሉን ለሟቾቹ 29 ጊዜ፣ 30ኛውን ደግሞ ለላይትፉት ደወለ።

ሞክሼው «ለእናንተ አገር ጎርድ ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ ሳላመነታ ጥላሁን ገሠሠ አልኩት። በ2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ማረፉ ሲሰማ ዶሮ ወጡ ቀርቦ ሳለ እናቴ እጇን ታጥባ ከማዕድ መነሳቷን፣ ሕዝቡም እስከ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተከትሎ መቅበሩን ነገርኩት። እንዲህ እያወራሁት ሳለ ነው ራሴን የታዘብኩት። እንግሊዝኛውን ተምሬያለሁ፣ ግብር እከፍላለሁ፣ በረዶ እዝቃለሁ፤ አገሩ ያለቀሰለትን ሰው ግን አላውቀውም። ዜግነት ፈተና ላይ የሚጠየቀውን የጠቅላይ ሚኒስትር ስም በሁለት ሳምንት ሸምድጄዋለሁ፤ ሰው ጓንቱ ጀርባ ላይ እንባውን የሚያብስለትን ሰው የሚያስጠና መጽሐፍ ግን ማንም አልሰጠኝም።

ያኔ አንድ የቆየ እንቆቅልሽም ተፈታልኝ። ካናዳ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ በኦክቶበር 2017፣ በዘመዴ ሳሎን ቁጭ ብዬ ቴሌቪዥን ስመለከት ጠቅላይ ሚኒስትር ጀስቲን ትሩዶ ካሜራ ፊት ሲያለቅስ አይቼ ጦርነት ተነሳ ብዬ ደንግጬ ነበር። ዘመዴ ከአሥር ዓመት በላይ የኖረ ሰው ነው፤ እሱም «አንዳች ነገር ሆነው ይሆናል» ብሎ ጣቢያውን ቀየረው። ለካ ያም ጎርድ ነው! ትራጂክሊ ሂፕ የተባለው ባንድ ዘፋኝ ጎርድ ዳውኒ በአንጎል ካንሰር በ53 ዓመቱ አርፎ ነበር። በሽታው እንደማይድን ካወቀ በኋላ ባንዱን ይዞ አገሩን ዞረ፤ በኦገስት 20 ቀን 2016 በትውልድ ከተማቸው በኪንግስተን ያቀረቡትን የመጨረሻ ዝግጅት የካናዳ ብሔራዊ ጣቢያ ሲቢሲ በቀጥታ አስተላልፎት 11.7 ሚሊዮን ሰው ተከታትሎታል፤ ከሦስት ካናዳዊ አንዱ ማለት ነው። ሰው በቁሙ ተሰናብቶ ሲሄድ እኛ ዘንድ አልተለመደም፤ እኛ ሕመምን ከታማሚው ራሱ እንኳ እንደብቃለን፣ ከሞተ በኋላ ደግሞ ድንኳን ጥለን መንደሩን እናናውጠዋለን። እነሱ ደግሞ በሕይወት ሳለ በእንባ ይሸኙታል፣ ከሞተ በኋላ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ተሰብስበው ሳንድዊች በልተው ይለያያሉ። ንፍሮ የሌለበት ለቅሶ እስከ ዛሬ አልዋጥልህ ብሎኛል፤ የእኛ ሐዘን ቤት ሦስተኛ ቀን ላይ የኮንዶሚኒየም ዋጋ መነጋገሪያ መሆኑንም አልክድም።

ከዚያ ወዲህ ሙታናቸውን ማጥናት ጀመርኩ። ከሁሉም አንጀቴን የበላው በዲሴምበር 2022 በ89 ዓመቱ ያረፈው፣ በምዕራብ ካናዳ በአልበርታ አውራጃ የኖረው ዘፋኝ ኢያን ታይሰን ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጻፈው «ፎር ስትሮንግ ዊንድስ» የተባለው ዘፈን በ2005 የሲቢሲ አድማጮች ከካናዳ ዘፈኖች ሁሉ አንደኛ ብለው የመረጡት ነው። ሥራ ፍለጋ ወደ አልበርታ የሚሄድ ሰው ነው የሚዘፍነው፤ ነገሩ ከቀናው ለፍቅረኛው የመንገድ ገንዘብ ሊልክላት ያስባል፣ ግን ክረምት ከገባ እዚያም ለእሷ ብዙ የምትሠራው ነገር እንደሌለ ራሱ ይናገራል። ይህን ስሰማ ከት ብዬ ሳቅሁ፤ ስንቱ የሰፈሬ ልጅ ይህንኑ ለእጮኛው በስልክ ሲል ሰምቻለሁ! እናም በየሳምንቱ «ቶሮንቶ ይሻላል ወይስ የአልበርታዋ ካልጋሪ?» እያላችሁ የምትጽፉልኝ ልጆች፣ እኔን ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን ሰው አድምጡት። ለእጮኛችሁ የትኬት ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ክረምት በሥራ ላይ እለፉ። ደመወዝና የቤት ኪራይ የሚነግራችሁ አይጠፋም፤ ከሥራ ባልደረቦቻችሁ ጋር ቡና ስትጠጡ ግን ሬዲዮኑ ላይ ማን እንደሚዘፍን መጠየቅን አትናቁ፤ እኔ ባለመጠየቄ በቁሙ ያለ ሰው ቀብሬአለሁ።

በኦገስት 2023 ሙዚቀኛው ሮቢ ሮበርትሰን ሲያርፍ አልተታለልኩም። እናቱ ከሲክስ ኔሽንስ ነባር ሕዝቦች ናቸው፤ ቤተሰቡም በአበባ ፈንታ ለዚያ ማኅበረሰብ የባህል ማዕከል ግንባታ ገንዘብ እንዲዋጣ ጠየቀ፤ ይህማ እድር ነው፣ ገባኝ። መጀመሪያ ላይ ፎቶውን የለጠፍኩት ሃድሰንም የሮበርትሰን ባልደረባ ነበር፤ ዘ ባንድ ከሚባለው የሙዚቃ ቡድን ከአምስቱ አባላት የቀረው የመጨረሻው። በዚያው በ2023 ኖቬምበር ላይ ግን እንደገና ተሸወድኩ። የኬቤኩ ዘፋኝ ካርል ትሬምብሌ በ47 ዓመቱ በካንሰር ሲያርፍ ሞንትሪያል ያለች የአክስቴ ልጅ ደውላ አለቀሰችልኝ፤ አውራጃው በቤል ሴንተር የሆኪ ሜዳ ብሔራዊ የሐዘን ሥነ ሥርዓት አደረገለት። እኔም ተዘጋጅቼ፣ ፊቴን አክብጄ፣ ሞክሼውን «እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣ ትሬምብሌን አጣነው» ብለው «ማነው ደግሞ እሱ?» አለኝ። ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ካናዳ የሚያለቅስለትን እንግሊዝኛ ተናጋሪው ካናዳ አያውቀውም! ያን ቀን ብቻዬን አለመሆኔን አይቼ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለኝ።

ያ 85 ዶላር ምን ሆነ የሚል አይጠፋም። ማንም መልሶ አልወሰደውም፤ በቀጣዩ ክረምት ማብቂያ፣ ሞክሼው ጡረታ በወጣ ሰሞን፣ ቤንዚን ሞላንበትና ወደ ሰሜን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተን ኦሪሊያ ሄድን። ላይትፉት በልጅነቱ የዘመረበትን፣ አስከሬኑም ለስንብት ያረፈበትን ቤተ ክርስቲያን አየን፤ ሐይቁ ዳር ባለው መናፈሻም ጊታሩን ይዞ የተቀመጠውን የነሐስ ሐውልቱን አየን። ሞክሼው በምርኩዙ ተደግፎ ከሐውልቱ አጠገብ ቆመና ፎቶ አንሳኝ አለኝ። አነሳሁት። ስንመለስ መኪናው ውስጥ ብዙ ዝም ካለ በኋላ «እኔ የምሬን ስሞት ያን ብርጭቆ ይዘህ ትዞርልኛለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። እድር ውስጥ ካልገባህ የሚዞርልህ የለም አልኩት።

«መዋጮው በወር ስንት ነው?» አለኝ።