የአጎቴን ማርክ ወደ ብር ስመልስ

ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ያለው የአባቴ ቤት የተሠራው ግማሹ በቡና ገንዘብ፣ ግማሹ አጎቴ ከምዕራብ ጀርመን በላከው ማርክ ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ ቤተሰቡ ስለ ውርስ ሊነጋገር ሲቀመጥ የአጎቴ ድርሻ ስንት ነው የሚል ጥያቄ ተነሣ። የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ሥራው ለእኔ ተሰጠ። «ልጄ፣ ይሄን ማርክ በብር ቁጠርልን» አሉኝ ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

በእጄ የነበረው የአባቴ ደብተርና የባንክ የሐዋላ ደረሰኞች ናቸው። ብዙዎቹ ላይ የማርኩ መጠንና ቀኑ እንጂ የተመነዘረበት ዋጋ የለም። ስለዚህ የየዘመኑን ተመን ራሴ መሥራት ነበረብኝ።

ዛሬ በጀርመን ማርክን ዩሮ ተክቶታል፤ የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ በየቀኑ በሚያወጣው የዩሮ ተመን ውስጥ ግን ብር የለም። የሚያዋጣው መንገድ በዶላር በኩል መዞር ነው። የአንድ ዶላር የብር ዋጋ ከእኛ ብሔራዊ ባንክ መግለጫዎች ይገኛል። የአንድ ዶላር የማርክ ዋጋ ደግሞ የጀርመን ማዕከላዊ ባንክ ዘንድ በየቀኑ ተመዝግቧል። አንዱን ለአንዱ ማካፈል ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም።

የገረመኝ ግን ውጤቱ ነው። ከ1965 ዓ.ም. እስከ 1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር። በደርግ ዘመን ያደገ ሰው ሁሉ ይህን ቁጥር በቃሉ ያውቀዋል፤ «ያኔ ብር አይነቃነቅም ነበር» ይባላል። በዶላር ሲታይ እውነት ነው። በማርክ ሲታይ ግን አይደለም። በየካቲት 1977 ዶላር እጅግ ከመወደዱ የተነሣ ወደ 3.4 ማርክ ይመነዘር ነበር። ስለዚህ አንድ ማርክ 61 ሳንቲም ገደማ ነው። በመስከረም 1978 ትልልቆቹ አገሮች ኒውዮርክ፣ ፕላዛ ሆቴል ተሰብስበው ዶላርን ለማርከስ ተስማሙ። ታኅሣሥ 1980 ላይ ዶላር ወደ 1.63 ማርክ ወርዶ ነበር። ማርኩ 1 ብር ከ27 ገደማ ገባ ማለት ነው። አዲስ አበባ ማንም ምንም ሳይነካ የአጎቴ አንድ መቶ ማርክ በሦስት ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ብር ማምጣት ጀመረ። አባቴ ጣሪያውን የቀየረው በዚያ ሰሞን ነው፤ ምክንያቱን አሁን ገና አወቅሁ።

ከዚያ 1985 መጣ። በመስከረም ወር የሽግግር መንግሥቱ ዶላሩን ከ2.07 ወደ 5 ብር ሲያደርገው ማርኩም ከ1 ብር ከ40 ገደማ ወደ 3 ብር ከ40 ገደማ ዘለለ። እዚህ ላይ የዓመት አማካይ መጠቀም አደገኛ ነው። ከሐምሌ 1984 የሚጀምረው የ1985 በጀት ዓመት አማካይ ዶላር 4.27 ነው። ሦስቱ ወር በ2.07፣ ዘጠኙ ወር በ5 ብር ሲደመር እዚያ ይደርሳል። በ4.27 የተመነዘረ ዶላር ግን አልነበረም። ነሐሴ 1984 የመጣ ደረሰኝ በአማካዩ ቢቆጠር አጎቴ ከሰጠው በእጥፍ ይጻፍለታል። የአውሮፓውያን ዓመት አማካይ ከተወሰደ ደግሞ ሌላ ቁጥር ይመጣል፤ የእነሱ ዓመት ከእኛ በጀት ዓመት ጋር አይገጥምምና። ስለዚህ የደረሰኙን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፍኩ፣ ተመኑንም ከዚያው ወር ወሰድኩ።

የአጎቴ ልጆች ሁሉንም በዩሮ እንዳሳያቸው ጠየቁ። ማርክ ወደ ዩሮ ሲቀየር 1.95583 ማርክ አንድ ዩሮ ነው፤ በዚህ ማባዛት ይቻላል። በ1977ቱ 61 ሳንቲም ሲሰላ አንድ «ዩሮ» 1 ብር ከ19 ገደማ ይሆናል። ሆኖም በጣሊያን ሊሬ በኩል ብሄድ፣ ዶላር ያኔ ወደ 2,000 ሊሬ ስለነበረ፣ አንድ ዩሮ በ1,936.27 ሊሬ ሲሰላ ወደ 2 ብር ይጠጋል። ያው ወር፣ ያው ብር፣ ሁለት የተለያየ ዩሮ! ዩሮ ከመወለዱ በፊት አንድ የዩሮ ተመን አልነበረም። የእኛ ገንዘብ በማርክ ስለመጣ በማርኩ መንገድ ሄድኩ፣ ይህንንም ከሰንጠረዡ ሥር በጉልህ ጻፍኩት።

ከ1991 ዓ.ም. ወዲህ ያለው ቀላል ነው፤ ግን እዚያም ዶላርን እያዩ ስለ ዩሮ መናገር ያሳስታል። በሐምሌ 2013 ዶላር 44 ብር አካባቢ ነበር፣ በሐምሌ 2014 ደግሞ 52 ገደማ። ሰው ሁሉ ብር ወደቀ ይላል። ዩሮ ግን በሁለቱም ጊዜ 52 ብር አካባቢ ነው፤ በዚያ ዓመት ዩሮም ራሱ ወርዶ ከዶላር ጋር እኩል ሆኖ ነበርና። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ግን ዶላሩም ዩሮውም አብረው ዘለሉ፤ ዩሮ በአንድ ቀን ከ62 ገደማ ወደ 80 ብር ተጠጋ።

አባቴ ደብተሩ ላይ «በሰው እጅ» ብሎ የጻፋቸው ገንዘቦችም አሉ። እነዚህ በባንክ ተመን አልመጡምና ከሌላው ጋር አልደመርኳቸውም። ለብቻቸው ዓምድ ሰጠኋቸው፤ አባቴ የተቀበለውን ብር ራሱ ስለጻፈው ያንኑ ገለበጥኩ።

ሰንጠረዡን ሳቀርብ ክርክሩ የት ላይ እንደሆነ ግልጽ ሆነ። በዛሬ ተመን ይቆጠር የሚሉ ነበሩ፣ በዚያን ጊዜው ይሁን የሚሉም። እኔ ደግሞ ከአባቴ ደብተር የቆርቆሮና የሲሚንቶ ዋጋ እያወጣሁ፣ እያንዳንዱ የማርክ ሐዋላ በመጣበት ወር ስንት ቆርቆሮ እንደሚገዛ ጨመርኩበት። ሽማግሌዎቹ ያንን ዓምድ ይዘው ድርሻውን ወሰኑ፤ አጎቴም በስልክ ተስማማ።