መንገዱ እንዴት ነው?

ጠዋት ከአራት ኪሎ ወደ ሜክሲኮ ታክሲ ውስጥ ስሆን ሬዲዮው የትራፊክ መረጃ ያወራል። መገናኛ ተጨናንቋል፣ እዚህ ጋ መኪና ተበላሽቷል፣ በዚያ በኩል ዙሩ ይላል። ሾፌሩ ይሰማና በሌላ መንገድ ይታጠፋል። እኔ ደግሞ አጎቴ ትዝ ይለኛል።

አጎቴ በአይሱዙ ከመርካቶ ደሴ ዕቃ ያመላልሳል። ሊነሳ ሲል ስልኩን ያነሳና ከዚያ እየመጣ ያለ ሾፌር ፈልጎ «መንገዱ እንዴት ነው?» ይለዋል። አጭር ጥያቄ ናት፤ ግን ስንት ነገር ይዛለች። መንገዱ ክፍት ነው? ጣርማ በር ጭጋጉ ተነስቷል? ናዳ ወርዷል? የቆመ መኪና አለ?

ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጣሊያን የሠራውን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ፣ ጭጋጉ የከፋ ቀን ከፊት ያለው መኪና መብራት እንኳ በግድ ነው የሚታየው። አንድ ክረምት አብሬው ስወርድ ኩርባው ላይ ዛፍ ቅጠሉ እንዳለ ተቆርጦ አስፋልት ላይ ተጥሏል። «ጋሼ፣ ምንድነው?» አልኩት። ማርሽ እየቀነሰ «ወደፊት የቆመ መኪና አለ ማለት ነው» አለኝ። እውነትም ሲኖትራክ ጎማው ፈንድቶ ቆሟል። ከኋላው ድንጋይ ተደርድሯል። መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩን የሚያነሳ የለም፤ ማታ ለሚመጣው ሌላ አደጋ ሆኖ ይጠብቃል። ይሄ ነገር እስካሁን ያናድደኛል።

እኛ ከተሜዎቹ የማናስበው ደግሞ የገበያ ቀን አለ። እሑድ የሰንበቴ ከተማ ገበያ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ ለሚታጠፍ ደግሞ ሰኞ ባቲ አለ። በዚያ ቀን ሰውም፣ አህያም፣ ግመልም ወደ መንገዱ ይወጣል። አጎቴ ይሄን በቃሉ ያውቀዋል። መስመሩን አዲስ የያዘ ልጅ ግን ማን ይነግረዋል? ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርዶ ገበያተኛ መሃል ዘው ይላል።

መደዋወሉ ስንቱን አትርፏል። ግን የሚደወልለት ሰው ያለው ብቻ ነው የሚያውቀው። ኔትወርክ ከጠፋም አለቀ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን «ጭጋግ አለ፣ ተጠንቀቅ» ብሎ የሚመልሰው ሾፌር ራሱ መሪ ጨብጦ መሆኑ ነው። በአንድ እጁ ስልክ፣ በአንድ እጁ መሪ፣ ከፊቱ ገደል።

የአዲስ አበባ መጨናነቅ የሚያስረፍደው ከሥራ ነው። የዚያኛው መንገድ ነፍስ ያጠፋል። ታዲያ ንጋት 11 ሰዓት ላይ፣ የጭነት መኪኖች ሳይነሱ፣ ለአምስት ደቂቃ የጣርማ በርን ጭጋግ፣ የዓባይ በረሃን ናዳ፣ የዕለቱን ገበያ የሚናገር ሬዲዮ ቢኖር ምን ነበረበት? መረጃው ሾፌሮቹ ጋ አለ። የሚሰበስበው ሰው ነው የጠፋው።

ይሄን ለአጎቴ ስነግረው ጊዜም አልፈጀበት። «እነሱ ከጀመሩማ፣ እኔም ደብረ ሲና ለቁርስ ስቆም ያየሁትን ደውዬ እነግራቸዋለሁ» አለኝ።